ሊንኩን ተዉት፣ ፋይሉን ስጡ፦ ያለ ዳታ የሚከፈት የትምህርት ሚሞሪ አዘገጃጀት

ድሬ ውስጥ የቴሌግራም ግሩፕ የሌለው ሰፈር የለም። በየግሩፑ ደግሞ አንድ ደግ ሰው ይገኛል። "ነፃ የኮዲንግ ኮርስ"፣ "የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት በነፃ" እያለ ሊንክ ይለጥፋል። ልብና አውራ ጣት ይዘንብለታል። ሊንኩን ግን የሚከፍት የለም። የከፈተም ቪዲዮው ሲሽከረከር አይቶ ይዘጋዋል፤ ያቺ ዳታ ለሌላ ነገር ታስፈልገዋለቻ።

ይሄ ስንፍና አይደለም። ሊንክ ስትልኩ ወጪውንም ድካሙንም ወደ ተቀባዩ ነው የምታሻግሩት። ዳታውን እሱ ይከፍላል፣ አካውንት እሱ ይከፍታል፣ ከመቶው ኮርስ የሚጠቅመውን እሱ ይፈልጋል። ይህ መመሪያ ሥራውን ወደ እናንተ ይመልሰዋል። እናንተ አንዴ ታወርዳላችሁ፣ ትመርጣላችሁ፣ ትሞክራላችሁ። ሌላው ሰው ያለ ዳታ ይከፍታል።

ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ብዙ ሰው ከደረጃ 4 ይጀምርና ደረጃ 7 ላይ ይወድቃል።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጋችሁ

• አዲስ 32 ጊጋ ሚሞሪ ካርድ። ከስልካችሁ የወጣ አሮጌ አይሁን። ያጠፋችሁት ፎቶ በቀላል አፕ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል፤ የቤተሰብ ፎቶ የነበረበትን ካርድ ለሰፈር አታዙሩ።
• የኦቲጂ ካርድ ሪደር፣ ማለትም ሚሞሪ ካርዱን ከስልኩ ቻርጅ ማስገቢያ ጋር የሚያገናኝ ዕቃ። ሁለት ጫፍ ያለውን ግዙ፤ አንዱ ታይፕ ሲ፣ ሌላው የድሮው ጠባቡ። በየቤቱ ያለው ስልክ አንድ ዓይነት አይደለም።
• ቢያንስ 10 ጊጋ ነፃ ቦታ ያለው አንድሮይድ ስልክ። ላፕቶፕ ካለ ይሻላል፤ ከሌለም ሥራው አይቆምም።
• የተሞላ ፓወር ባንክ። መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።
• ወረቀትና እስክሪብቶ። አትሳቁ፣ ደረጃ 1 እና 5 ላይ ያስፈልጋል።

ደረጃ 1፦ ለማን እንደሆነ ወስኑ

"ለድሬ ወጣቶች በሙሉ" ብላችሁ አትጀምሩ። ለሁሉም የተዘጋጀ ሚሞሪ ለማንም አይሆንም። ሁለት ወይም ሦስት የምታውቋቸውን ሰዎች ምረጡና ሄዳችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ ፊዚክስ የከበዳት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ታይዋን ገበያ ሞባይል የሚጠግን ልጅ፣ እና "ኮከብ ለምን አይወድቅም?" እያለ ቤቱን የሚያስጨንቅ ሕፃን።

ለእያንዳንዱ አራት ነገር ጻፉ።

1. ስልኩ ምንድነው? ሚሞሪ ማስገቢያ አለው? ካልሆነ ኦቲጂ ይቀበላል?
2. ስንት ጊጋ ነፃ ቦታ አለው?
3. በየትኛው ቋንቋ ነው ደስ ብሎት የሚያነበው? ድሬ ውስጥ ይህን ጥያቄ መዝለል ትልቅ ጥፋት ነው። በአማርኛ የሚያወራችሁ ልጅ ማንበብ የሚቀናው በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ሊሆን ይችላል።
4. ሰሞኑን ምን ማወቅ አማረው? "ምን መማር ትፈልጋለህ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ኮምፒውተር" ይላችሁና አለቀ። "ሰሞኑን ምን ገርሞህ ታውቃለህ?" በሉት፤ ወሬው ይመጣል።

ቦታ ከሌለው፦ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን የሞላው ቴሌግራም ነው። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ግቡ፣ "ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ" የሚለውን፣ ከዚያ "ስቶሬጅ ዩሴጅ" የሚለውን ክፈቱና ካሹን (ቴሌግራም ስልኩ ላይ ያከማቸውን ፎቶና ቪዲዮ) አጽዱ። መልእክቱ አይጠፋም፤ ፎቶና ቪዲዮውም ሲፈለግ ተመልሶ ይወርዳል። ጊጋዎች የሚለቀቁበት ስልክ ብዙ ነው።

ደረጃ 2፦ ሚሞሪውን ፈትሹ፣ ከዚያ ፎርማት አድርጉ

ገበያ ላይ ውሸተኛ ሚሞሪ አለ። ላዩ ላይ 64 ይላል፣ ስልኩም 64 ብሎ ያሳያል፣ ውስጡ ግን 8 ነው። ክፋቱ ሲገለበጥ ስህተት አለማሳየቱ ነው። ፋይሉ የገባ ይመስላል፤ ስትከፍቱት ይሞታል። ብዙ ሰው "ፋይሉ ተበላሸ" የሚለው እዚህ ጋ ነው።

አፈታተሹ፦

1. ላፕቶፕ ካላችሁ ኤች2ቴስትደብሊው የሚባለውን ትንሽ የዊንዶውስ ፕሮግራም ተጠቀሙ። ካርዱን ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ሊኑክስ ወይም ማክ ከሆነ ኤፍ3 አለ።
2. ስልክ ብቻ ካላችሁ ትልልቅ ቪዲዮዎች እየገለበጣችሁ ካርዱን ሙሉት። ከዚያ መጀመሪያ የገባውንም መጨረሻ የገባውንም አጫውቱ። የመጨረሻውን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ አንዳንዱ ውሸተኛ ካርድ አዲሱን የሚጽፈው በአሮጌው ላይ ነው።
3. 32 የተባለው ካርድ 29 አካባቢ ቢያሳይ አትደንግጡ። ትክክል ነው።

ስትገዙ "ካልሠራ እመልሳለሁ" ብላችሁ ተስማሙና በዚያው ቀን ፈትሹ። ሳምንት ካለፈ በኋላ ሻጩ አያውቃችሁም።

አሁን ፎርማት። ካርዱን ስልክ ውስጥ ስታስገቡ አንዳንድ ስልክ "እንደ ውስጥ ስቶሬጅ ልጠቀምበት ወይስ እንደ ተንቀሳቃሽ?" ብሎ ይጠይቃል። ተንቀሳቃሽ የሚለውን ምረጡ። የውስጥ ካላችሁት ስልኩ ካርዱን ይቆልፈዋል፤ ከዚያ ስልክ ውጭ የትም አይነበብም። ተሳስታችሁ ከሆነ መፍትሔው እንደገና ፎርማት ማድረግ ነው። ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ለዚህ ነው ይህ ደረጃ ከማውረድ በፊት የመጣው።

32 ጊጋ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ፋት32 በሚባለው አሠራር ነው የሚመጣው። ይህ አሠራር ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ካርዱ ባዶ ቢሆን እንኳ "ቦታ የለም" ይላል። 64 እና ከዚያ በላይ ያሉት ኤክስፋት ናቸው፤ ትልቅ ፋይል ይይዛሉ፣ ግን አንዳንድ አሮጌ ስልክ አያነባቸውም። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ በ32 ካርድና በፋት32 ቆዩ፣ እያንዳንዱን ፋይል ከ4 ጊጋ በታች አድርጉ። በሄዳችሁበት ይከፈታል።

ደረጃ 3፦ ጥቂት ነገር ምረጡ

ኢንተርኔት ላይ ያለው ነፃ ትምህርት ተቆጥሮ አያልቅም። ሥራችሁ መቁረጥ ነው። ለአንድ ሰው ከአምስት ዓይነት በላይ አትስጡ። ከዚህ በታች ያሉት ያለ ኢንተርኔት በደንብ የሚሠሩ ናቸው።

*ዊኪፒዲያ በኪዊክስ።* የሁሉም መሠረት ይህ ነው። ኪዊክስ ዊኪፒዲያን በሙሉ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ነፃ አፕ ነው። ፋይሉ ዚም ይባላል። ሰው የሚሳሳተው ምርጫው ላይ ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከነፎቶው ከ100 ጊጋ በላይ ነው፤ አትሞክሩት። "ሲምፕል ኢንግሊሽ" የሚባለውን ውሰዱ። በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፣ ከ200 ሺህ በላይ ጽሑፍ አለው፣ በዚያ ላይ ለተማሪ እንግሊዝኛ መለማመጃም ይሆናል። የአማርኛው ዊኪፒዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ያለው ትንሽ ፋይል ነው፤ አብራችሁ ጫኑት። የአፋን ኦሮሞና የሶማሊኛም አለ።

የዚም ስሞች ላይ ሦስት ቃላት ታያላችሁ። "ማክሲ" ሙሉው ከነፎቶው ነው። "ኖፒክ" ጽሑፉ ሙሉ ሆኖ ፎቶ የሌለው ነው። "ሚኒ" የእያንዳንዱ ጽሑፍ መግቢያ ብቻ ነው። ቦታ ሲጠብ ወደ ኖፒክ ውረዱ። ሚኒን አልመክርም፤ ልጁ ሊገባው ሲል ጽሑፉ ይቆማል።

*ፌት።* የሳይንስ ሙከራን ስክሪን ላይ የሚያሠራ ነው፤ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር በ2002 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ያስጀመረው የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን ነው። ባትሪና አምፖል በጣት እየጎተቱ ማገናኘት፣ ኳስ በተለያየ ማዕዘን መወርወር፣ አተም መገንባት ይቻላል። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ አላየሁም። እያንዳንዱ ሙከራ ለብቻው አንድ ፋይል ሆኖ ይወርዳል። ሁሉንም አታውርዱ፤ ተማሪዋ አሁን ክፍል ውስጥ ያለችበትን ምዕራፍ ጠይቁና የሚገጥሙትን ሦስት አራት ስጧት።

*የተማሪ መጻሕፍት።* ትምህርት ሚኒስቴር የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በፒዲኤፍ አውጥቷል። ከሚኒስቴሩ ገጽ አውርዱ። ከየቴሌግራም ቻናሉ የሚመጣው ገጽ የጎደለው፣ ደብዝዞ የተነሣ ወይም የሰው ማስታወቂያ የተለጠፈበት ሆኖ ይገኛል።

*የልጆች ተረት።* ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሲመረቅ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች መጻሕፍት ይዞ ነበር። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለውም በሥዕል የተሞላ ነው። ሁለቱም ማውረድና ማካፈል ይፈቅዳሉ። መጻሕፍቱ አጫጭር ስለሆኑ ሃያውም ቢሆን ቦታ አይፈጅም።

*ለጠጋኙ።* ኪዊክስ ውስጥ የአይፊክስኢት ዚም አለ። ስልክና ላፕቶፕ አፈታት፣ ብሎን በብሎን፣ ከነፎቶው። እንግሊዝኛው ባይገባው ፎቶው ይበቃዋል። ከማውረዳችሁ በፊት መጠኑን እዩና ከ4 ጊጋ ደንቡ ጋር አስተያዩ።

*መፍጠር ለሚወድ።* ልጆች ብሎክ እየደረደሩ ኮዲንግ የሚማሩበት ስክራች ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ወጥመድ አለው፦ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው አፕ ለላፕቶፕና ለታብሌት ነው የተዘጋጀው። ስልክ ብቻ ላለው ልጅ ፖኬት ኮድ የሚባለውን ስጡት። በስልክ ላይ ብሎክ እየደረደረ ጨዋታ ይሠራል።

*ለአንባቢ።* ፕሮጀክት ጉተንበርግ በ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ70 ሺህ በላይ የቅጂ መብታቸው ያለፈ መጻሕፍት ሰብስቧል። አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ፎቶ የሌለው ኢፐብ (ስልክ ላይ የሚነበብ የመጽሐፍ ፋይል) ከአንድ ሜጋ ብዙም አያልፍም። ስሙ የገነነ ሳይሆን ሰውዬው የሚጨርሰውን አጭር መጽሐፍ ምረጡ።

ለትምህርት ቤት ወይም ለወጣት ማዕከል የምታዘጋጁና ላፕቶፕ ያላችሁ ከሆነ ኮሊብሪን እዩ። ነፃ የቪዲዮ ትምህርት የሚያዘጋጀውን የካን አካዳሚን ትምህርት ያለ ኢንተርኔት ለብዙ ተማሪ ያቀርባል። ለአንድ ሰው ሚሞሪ ግን ይበዛል።

ማስጠንቀቂያ፦ ነፃ የተባለ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም

ዊኪፒዲያን ማባዛት፣ ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ድረስ መሸጥም ይፈቀዳል። የኤምአይቲ ኦፕን ኮርስዌር (የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ነፃ ኮርሶች)፣ የካን አካዳሚና የአይፊክስኢት ፈቃድ ግን ማካፈል እንጂ መሸጥ አይልም። "ሚሞሪ እንጭናለን" የሚሉ ሱቆች ጋር ለመሥራት ካሰባችሁ ይህን ለዩ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ሱቁ ሙዚቃ ሊያስጭን የመጣውን ሰው ሁሉ ያገኛል። ዋጋ የሌለበት አንድ ፎልደር ይኑር በሏቸው። የተሰረቀ መጽሐፍና ከዩቲዩብ በጓሮ በር የወረደ ቪዲዮ ግን አትጨምሩ። በነፃ የተፈቀደው ራሱ ተቆጥሮ አያልቅምና።

ደረጃ 4፦ በሌሊት አውርዱ

1. ጥቅሉን ከመግዛታችሁ በፊት የሁለቱን ኩባንያዎች ዋጋ አስተያዩ። ሳፋሪኮም አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 ከድሬ ነው የጀመረው፤ ስለዚህ ብዙ ሰው እዚህ ሁለት ሲም አለው። የሌሊት ጥቅል ከስንት ሰዓት እስከ ስንት እንደሚሠራ አንብቡ። ሰዓቱ ሲያልፍ ማውረዱ ከዋናው ሒሳብ መብላት ይጀምራል። ማንቂያ ሙሉ።
2. ትልልቁን ዚም በኪዊክስ አፕ ውስጥ አታውርዱ። አፑ ፋይሉን የራሱ ጓዳ ውስጥ ይደብቀዋል፤ በአዳዲስ ስልኮች ፋይል ማናጀር አያገኘውም፣ አፑ ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። ከኪዊክስ ድረ ገጽ በብራውዘር አውርዱት።
3. ኔትወርክ የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ ቶረንቱን (ፋይሉን ቁራሽ በቁራሽ የሚያወርደውን መንገድ) ተጠቀሙ። ለእያንዳንዱ ዚም አለ። ሊብሬቶረንት የሚባለው አፕ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ሲም ሲቀየር፣ ካቆመበት ይቀጥላል፤ እያንዳንዱን ቁራሽም ራሱ ያረጋግጣል።
4. ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ትራስ ሥር አትክተቱት። የድሬ ሌሊት ራሱ ሞቃት ነው። ሲሞቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ማውረዱን ያቆማል። መሬት ላይ፣ ሽፋኑ ወልቆ፣ ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ አድርጉት።

ማውረዱ 99 ላይ ቢቆም፦ አትሰርዙት። መጀመሪያ የስልኩን ነፃ ቦታ እዩ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ያ ነው። ቦታ አስለቅቁና "ቀጥል" በሉት።

የኪዊክስ አፕንም ከዚያው ከድረ ገጹ በኤፒኬ (በአፕ መጫኛ) ፋይል አውርዱ። ፕሌይ ስቶር ላይ ያለው በጉግል ደንብ ምክንያት ሚሞሪ ላይ ያለን ዚም እንደልቡ አያነብም። ብዙ ሰው "ኪዊክስ አልሠራ አለኝ" የሚለው ይህን ሳያውቅ ነው።

ደረጃ 5፦ ፎልደሩን አስተካክሉ

የከፈተው ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ነገር ካላገኘ ይዘጋዋል። ስለዚህ፦

1. ፎልደሮቹን በቁጥር ጀምሩ። 01 አፖች፣ 02 ዊኪፒዲያ፣ 03 ፊዚክስ፣ 04 ተረት፣ እያላችሁ። ቁጥሩ ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል።
2. ፎልደር ውስጥ ፎልደር ከዚያም ፎልደር አታብዙ። ሁለት ደረጃ ይበቃል።
3. ዚፕ አታድርጉት። ተቀባዩ መፍታት ላይ ይቀራል፤ በአንዳንድ አሮጌ ዊንዶውስም የአማርኛ የፋይል ስም ወደ ዝብርቅርቅ ይለወጣል።
4. ከሁሉም በላይ "00 መጀመሪያ ይህን" የሚል አንድ ፎቶ አስቀምጡ። ወረቀት ላይ በእጃችሁ ጻፉና አንሱት፦ መጀመሪያ ከ01 ኪዊክስን ጫን፤ ከዚያ ኪዊክስን ከፍተህ ከ02 ዚሙን ምረጥ፤ ከዚያ "ፀሐይ" ብለህ ፈልግ። ፎቶ ያልኩት በማንኛውም ስልክ ስለሚከፈት ነው።

የመጨረሻዋን መስመር አትርሱ። "ብዙ ነገር አለው፣ ጎብኘው" የተባለ ሰው አይጎበኝም። "ፀሐይ ብለህ ፈልግ" የተባለ ይፈልጋል። ለጠጋኙ የራሱን ስልክ ሞዴል ጻፉለት፤ ለሕፃኑ "ኮከብ"።

ደረጃ 6፦ በሌላ ሰው ስልክ ሞክሩ

በእናንተ ስልክ መሥራቱ ምንም አይደለም። ስልካችሁ አፑን ጭኗል፣ ፈቃዱን ሰጥቷል። የእናታችሁን ወይም የጎረቤታችሁን ስልክ ተዋሱ፤ በጣም አሮጌውን።

1. ኤርፕሌን ሞድ አብሩ።
2. ሚሞሪውን ሰክታችሁ ስልኩን ለባለቤቱ ስጡ። እናንተ አትንኩ።
3. ዝም በሉ። ከባዱ ይሄኛው ነው። የት እንደሚቆም ተመልከቱ፣ ጻፉ።
4. የቆመበትን ቦታ "00" ፎቶው ላይ ጨምሩና እንደገና አንሱት።

ስልኩ "ከማይታወቅ ምንጭ አልጭንም" ካለ ለፋይል ማናጀሩ ብቻ ፈቃድ ስጡት፤ ጭናችሁ ስትጨርሱ መልሳችሁ አጥፉት። ክፍት የተተወ ፈቃድ ነገ ሌላ ነገር ያስገባል።

ደረጃ 7፦ አካፍሉ

ሦስት መንገድ አለ። እንደ ሰዉ ብዛት ምረጡ።

*ለአንድ ሰው፦ ሚሞሪውን ራሱን።* ሰክቶ ወደ ስልኩ ይገልብጥ፣ ካርዱን ይመልስ። ከመንቀላችሁ በፊት "ኢጀክት" የሚለውን ንኩ። ቀጥታ የተነቀለ ካርድ ባይበላሽም የመጨረሻው ፋይል ግማሽ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

*ለሁለት ሦስት ሰው፦ ኩዊክ ሼር።* አንድሮይድ ላይ አብሮ ይመጣል፤ የድሮው ኒርባይ ሼር ነው። ላፕቶፕና ስልክ ለማገናኘት ሎካልሴንድ ይሻላል፤ ማስታወቂያ የለውም። በማስታወቂያ የተሞሉትን ማስተላለፊያ አፖች ተዉአቸው፤ ለልጅ ስልክ የማይሆን ነገር እየዘለለ ይመጣል።

*ለብዙ ሰው፦ ሆትስፖት።* ኪዊክስ ስልካችሁን ትንሽ ሰርቨር ያደርገዋል። ሌሎቹ ምንም አፕ ሳይጭኑ፣ ያለ ዳታ፣ በብራውዘራቸው ያነባሉ።

1. ሰዓቱን ምረጡ። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት አትሞክሩት፤ ሰዉም ስልኩም አይችለውም። ማምሻውን በረንዳ ላይ ይሻላል።
2. የእናንተን ስልክ ሞባይል ዳታ አጥፉ። ካልረሳችሁት ጥሩ፤ ከረሳችሁት ግን የተገናኘው ሁሉ በእናንተ ጥቅል ቲክቶክ ያያል።
3. ሆትስፖት አብሩ። ቀላል የይለፍ ቃል ስጡት።
4. ኪዊክስ ውስጥ ሆትስፖት የሚለውን ክፈቱ፣ የሚካፈሉትን ዚሞች ምረጡ፣ ጀምር በሉ። ፈቃድ ከጠየቀ ፍቀዱ።
5. በቁጥርና በነጥብ የተሠራ አድራሻ ይመጣል። መጨረሻው ላይ ሁለት ነጥብና ቁጥር አለው፤ እሱም የአድራሻው አካል ነው። ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።
6. ሰዎቹ ከሆትስፖቱ ጋር ይገናኙ፣ ክሮም ይክፈቱ፣ አድራሻውን እንዳለ ይጻፉ።

ብዙ ስልክ ከአሥር ገደማ ሰው በላይ አያገናኝም። ሰው ከበዛ ሁለት ስልክ ሰርቨር ይሁን፣ ወይም ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጡ። ጥንዱን እኔ እመርጣለሁ፤ አንዱ ያነበውን ለሌላው ሲያስረዳ ነው ነገሩ የሚገባው።

ደረጃ 8፦ ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*"ኢንተርኔት የለም" ብሎ ይለቃል።* ስልኩ ሆትስፖታችሁ ላይ ኢንተርኔት ሲያጣ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ ይመለሳል። ተቀባዩ የራሱን ዳታ ያጥፋ። "ኢንተርኔት ባይኖርም ልቆይ?" ብሎ ከጠየቀ "አዎ" ይበል። ከሆትስፖት ችግር አብዛኛው በዚህ ያልቃል።

*አድራሻው ጉግል ፍለጋ ውስጥ ይገባል።* ክፍተት ጨምሯል ወይም ከሁለት ነጥቡ በኋላ ያለውን ቁጥር ትቷል። ቁጥሩን እንዳለ እንደገና ይጻፍ።

*የፌት ሙከራ ባዶ ነጭ ገጽ ሆነ።* ስልኩ ፋይሉን በራሱ ቀላል ማሳያ ከፍቶታል። ፋይሉን ተጭናችሁ ያዙና "በሌላ ክፈት" በሚለው ክሮምን ምረጡ። እምቢ ካለ የፌትን ዚም በኪዊክስ ክፈቱ።

*ኪዊክስ "ፋይሉ ተበላሽቷል" ይላል።* የፋይሉን መጠን ከድረ ገጹ ጋር አስተያዩ። ካነሰ ቅጂው አልተጠናቀቀም፤ እንደገና ገልብጡ። መጠኑ ልክ ሆኖም ካልተከፈተ ሚሞሪው ላይ ጥርጣሬ አለኝ፤ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

*ፎልደሩ ሾርትከት ሆነ።* ካርዱ የሆነ ኢንተርኔት ቤት ወይም ፕሪንት ቤት ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ሾርትከቱን አትጫኑ፤ ቫይረሱ እሱ ነው። ፎርማት ለማድረግም አትቸኩሉ። ካርዱን በኦቲጂ ስልክ ላይ ሰኩት፤ ዊንዶውስ ላይ የተደበቀው ፎልደር አንድሮይድ ላይ ብዙ ጊዜ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስም የሌለው ፎልደር ካያችሁም ክፈቱት፤ ዕቃችሁ እዚያ ሊሆን ይችላል። ፋይሎቹን ወደ ስልኩ ገልብጡ፣ ከዚያ ካርዱን ፎርማት አድርጉ። ለሰፈር የሚዞር ካርድ ከኮምፒውተር ጋር የግድ መገናኘት ካለበት፣ የመጻፊያ መቆለፊያ ያለው አስማሚ ውስጥ አስገቡና ቆልፉት።

*ሁሉም ይሠራል፣ ግን ሰውየው አልከፈተውም።* ተጨማሪ ነገር አትላኩለት። ሄዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡና አንድ ጽሑፍ አብራችሁ ፈልጉ። እንግሊዝኛው ከብዶት ከሆነ ወደ አማርኛው ወይም ወደ ተረቶቹ ውሰዱት። ጉዳዩ አልስብ ብሎት ከሆነ ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁት መልስ ተሳስቷል፤ እንደገና ጠይቁ።

ደረጃ 9፦ ካርዱን በሕይወት አቆዩ

ዋናውን ቅጂ አታውጡ። አንድ ካርድ ቤት ይቀመጥ፣ የሚዞረው ሌላ ይሁን። ካርዱ ደቃቃ ነው፤ ኪስ ውስጥ ይጠፋል፣ ባጃጅ ውስጥ ይወድቃል። በፕላስቲክ መያዣው ውስጥ አድርጋችሁ ስልክ ቁጥራችሁን ለጥፉበት። ማን እንደወሰደ ደብተር ላይ ጻፉ።

ሲመለስ "ወደድከው?" አትበሉ፤ አዎ ነው የሚባለው። "ምን አነበብክ?" በሉት። ያልተነካው ፎልደር ይወጣል፣ የተጠየቀው ይገባል።

ዚሞች ይታደሳሉ። የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ዓመትና ወር ስላለ አሮጌነቱን ከዚያ ታውቃላችሁ። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ መቀየር ይበቃል። አዲሱ በኤርፕሌን ሞድ መከፈቱን ሳታዩ ግን አሮጌውን አታጥፉ።